ቆጣሪው የዘለሉት ደዌ

መሪጌታ ገዳሙ ሙላትን የማያውቅ ሰው በአምበር አካባቢ ከተገኘ፣ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ልጅ ድሮ አያውቅም። በዚያ አገር ልጁን ሊድር ያሰበ ሁሉ ጠላ ሳያስጠምቅ፣ ሰንጋ ሳይገዛ፣ አስቀድሞ እሳቸው ደጅ ይደርሳል። የወንዱ ወገን በቀኝ፣ የሴቷ ወገን በግራ ይቀመጣል። መሪጌታ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል ያቆሙና ዓይናቸውን ይከድናሉ። ከዚያ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እሱም እገሊትን ወለደ እያሉ ወደ ኋላ ሲሄዱ፣ ድምፃቸው እየላላ በእንቅልፍ ልብ የሚናገሩ ይመስላሉ።

ሰው በቃላቸው የያዙት ይመስለዋል። እሳቸው ግን የሚያዩትን ነው የሚናገሩት። ዓይናቸውን ሲከድኑ ነጭ ጉም ይወርዳል፤ ከጉሙ ውስጥ ሙታኑ ጋቢያቸውን ተከናንበው አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። አንዱ ስሙን ተናግሮ ለአባቱ ቦታ ይለቃል፣ አባትየው ለአያቱ። የሚቆጣ የለም፣ የሚቸኩልም የለም። መሪጌታ ይህን ለሰው ተናግረው አያውቁም፤ ቢናገሩ ኖሮ ለጠበል ይወስዷቸው ነበር።

ይህ ቆጠራ ታዲያ ከአባታቸው የወረሱት አንድ ሕግ አለው። ቆጣሪ ስም ይጠራል እንጂ ሞት አይጠራም። ማን ማንን ወለደ ይባላል፤ ማን በምን ሞተ አይባልም። «የዘር ደዌ አለበት» የተባለ ቤት ሴት ልጁ ቆማ ትቀራለች፣ ወንዱም ሚስት አያገኝም። ስለዚህ አንዱ ሙት ከጉሙ ሲወጣ እግሩ አብጦ እንደሆነ መሪጌታ ስሙን ብቻ ተቀብለው ያልፉታል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ደም ከደም እንዳይገናኝ ሰባት አባት ወደ ኋላ የሚጓዝ አገር፣ ደሙ ምን ይዞ እንደመጣ አይጠይቅም። ጎተራውን ሰባት ጊዜ ለክቶ ነቀዙን ሳያዩ መግባት ማለት ይኸው ነው።

በ2010 ዓ.ም.፣ በሐምሌ ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት መሪጌታ ከአምበር መንገድ ዳር ቆመው ከሉማሜ የሚመጣውን ሚኒባስ ይጠብቁ ነበር። በትከሻቸው ያለው ከረጢት የአጥሚት እህልና አንድ ቅል ቅቤ ይዟል። የሚሄዱት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተኝታ የነበረችውን ልጃቸውን ማንጠግቦሽን ለማምጣት ነው። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ከወለደች ስድስተኛ ቀኗ ነው፤ ዛሬ ትወጣለች ተብሏል።

ሚኒባሱ ሳይመጣ አማቻቸው አንተነህ ደወለ። ደህና ናት አለ፤ ልጁም ይጠባል። የአንተነህ እናት ወይዘሮ የብርጓል፣ ማንጠግቦሽ ከወለደች ጀምሮ ከጎኗ አልተለዩም፤ አርባ ቀን መሬት ሳትረግጥ የምትተኛበትን አልጋም እቤት አሰናድተዋል። ግራ እግሯ ብቻ ከብዷታል፤ ከትናንት ጀምሮ ባቷን ያማታል። ከመተኛት ነው፣ እንዳያስቀሩን ለነርሷ አትንገሪ ብለው እናቱ መክረዋታል። አንተነህ ይህን የተናገረው በመሐል ጣል አድርጎ ነው፤ ወዲያው ስለ ባጃጅ ማውራት ጀመረ።

መሪጌታ ስልኩን ዘግተው ቆመው ቀሩ። ይህን ቃል ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ከእህታቸው ከወለተ ኪዳን አፍ ሰምተውታል። እሷም አራስ ነበረች። «ገዳሙ፣ ባቴ ድንጋይ የታሰረበት ይመስል ከበደኝ» አለቻቸው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቀና ብላ ልትቀመጥ ስትል ደረቷን ያዘች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ፣ ውኃ እስኪያመጡላት እንኳን አልቆየችም። መጋኛ መታት ተባለና ተቀበረች።

ይባስ ብሎ፣ ማንጠግቦሽ ሆስፒታል የገባች ዕለት ሐኪሙ ጠይቋቸው ነበር። ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ በሽንቷም ፕሮቲን አይቻለሁና በቤተ ዘመዱ እግሩ ወይም ሳንባው ላይ ደም የረጋበት፣ ኩላሊቱን የታመመ ሰው አለ ወይ ብሎ። ወይዘሮ የብርጓል እዚያው ቆመው ያዳምጡ ነበር። መሪጌታ ምን አሉ? «ዘራችን ንጹሕ ነው ጌታዬ» አሉ። ሐኪሙም ይህንኑ ጻፈ፤ የነገሩትን ካልጻፈ ምን ሊጽፍ ነው?

ሚኒባሱ መጣና ከኋለኛው ወንበር በመስኮት በኩል ቦታ አገኙ። ከአጠገባቸው ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች ሃያ ስድስት ዓመት የሚሆናት ወጣት ተቀምጣለች። ጥቂት እንደተጓዙ ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንገዱን ዋጠው። ሾፌሩ ፊት ለፊቱ ያለውን ማየት ሲያቅተው ወደ ዳር ወጥቶ አቆመና፣ ወገኖቼ እስኪገልጥ እንጠብቅ፣ ገደል ከመግባት ማርፈድ ይሻላል አለ። የሚከራከረው አልነበረም። ተሳፋሪው አንድ በአንድ ጋቢውን ጭንቅላቱ ላይ እየጣለ አንቀላፋ። በመስኮቱ ማዶ ሜዳው ጠፋ፣ ዛፉ ጠፋ፣ ዓለም ሁሉ ነጭ ሆነ። መሪጌታ ዓይናቸው እንደተገለጠ በቆጠራው አገር የገቡ መሰላቸው፤ ወለተ ኪዳንም ከመስኮቱ ውጭ ቆማ ባቷን የምታሻሽ መሰላቸው። ደነገጡ፤ ፊታቸውን ወደ ውስጥ መለሱ።

ፊታቸውን ሲመልሱ ዓይናቸው ልጅቱ ጭን ላይ ካለው ወረቀት አረፈ። ወረቀቱ ላይ አራት ማዕዘንና ክብ በመስመር እየተያያዘ ወደ ታች ይወርዳል። መሪጌታ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም፤ ግን ወዲያው ገባቸው። ቆጠራ ነው። የጓደኛውን የእጅ ጽሑፍ በሰው አገር እንዳገኘ ሰው ልባቸው ሞቅ አለ። ሳያስቡት ይህ የማን ቤት ነው ልጄ ብለው ጠየቁ።

ልጅቱ የእኛ ነው አባ አለች። ስሟ የኔአለም ነው፤ የሉማሜ ልጅ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፤ የምታጠናው ሰው ከወላጆቹ ምን እንደሚወርስ ነው። አራት ማዕዘኑ ወንድ፣ ክቡ ሴት እንደሆነ በአክብሮት አስረዳቻቸው። መሪጌታ ጣታቸውን አንዱ ላይ አሳረፉ። አንዳንዱ በጥቁር፣ አንዳንዱ በቀይ እርሳስ ተቀብቷል።

«እነዚህ የጠቆሩትስ?»

«ኩላሊታቸውን የታመሙ ናቸው። የቀሉት ደግሞ በደም ሥራቸው ውስጥ ደም የረጋባቸው።»

መሪጌታ ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ ብድግ አደረጉ። እንዲህ ያለ ድፍረት አይተው አያውቁም። የገዛ ቤቷን ገመና በቀለም አድምቃ በአደባባይ መኪና ዘርግታ ተቀምጣለች። እስኪ አስቡት፤ አርባ ዓመት ሙሉ የሸፈኑትን አንዲት ልጅ በሃያ ብር እርሳስ ገልጣው አረፈች።

«ልጄ፣ ስድብ እንዳይመስልሽ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይህን ወረቀት ያየ ማን ያገባሻል? እህትሽንስ ማን ያገባታል? ደዌ ሲጠሩት ይመጣል። አባቶቻችን ዝም ያሉት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ቤት እንዳይፈርስ ነው።»

የኔአለም አልተቆጣችም። ወረቀቱን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ የአባቷን ነገር አወራቻቸው። አባቷ ገበሬ ነበር፤ ጠንካራ ሰው። ፊቱ ጠዋት ጠዋት ማበጥ ሲጀምር ብርድ ነው አለ። ሽንቱ ሲያጥር ጠላ ጠጣበት። ሆስፒታል ሲደርስ ኩላሊቶቹ ሥራቸውን ጨርሰው ነበር፤ አዲስ አበባ ደሙን በማሽን እያጠቡለት አንድ ዓመት ከሁለት ወር ቆየና በአርባ አራት ዓመቱ ሞተ።

«ለቅሶው ላይ» አለች፣ «አንዲት አክስቱ ደረቷን እየመታች እንደ አባትህ ሄድክ አለችው። አባቴ አባቱ በምን እንደሞተ አያውቅም ነበር አባ። አክስቱ ታውቅ ነበር። ጎረቤቱ ያውቅ ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት ቢነገረው ጨዉን ይቀንስ ነበር፣ ግፊቱን ይለካ ነበር፣ በየዓመቱ ሽንቱን ይመረመር ነበር። ቤቱ እንዳይፈርስ ዝም አሉ። ቤታችን ግን ፈረሰ።»

መልስ ያጣ ሽማግሌ ወደ እግዚአብሔር ነው የሚሸሸው፤ መሪጌታም ሸሹ። ሞትና ሕይወት የተጻፈ ነው፣ የሰው ምርመራ የተጻፈውን አይፍቅም አሉ። የኔአለም ጠበሉንም ጸሎቱንም አልነቀፈችም፤ እናቷ ዛሬም በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠበል ትሄዳለች። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉት እኮ አባቶች ራሳቸው ናቸው አለች። መሪጌታ ይህን ተረት ራሳቸው ስንቴ ለሰው ተርተውታል። ፈገግ ማለት ቃጣቸውና ተዉት።

ከዚያ አንድ ነገር ከነከናቸው። ቀዩና ጥቁሩ በአንድ ቤት ምን አገናኛቸው? እግር ሌላ፣ ሽንት ሌላ። አንዱን ቤት ሁለት ደዌ ለምን ይመታዋል? ይህን የጠየቁት ስለ ወረቀቱ ብቻ አልነበረም፤ በገዛ ጉማቸው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሙታን ስለሚያዩ ነው።

«ከእናትና ከአባታችን የምንወርሰው በደማችንና በሥጋችን ሁሉ ያለ ጽሑፍ አለ» አለች የኔአለም። «ጂን እንለዋለን። ከትውልድ ትውልድ ይገለበጣል። ተመራማሪዎች የብዙ ሺህ ሰዎችን ጽሑፍ ጎን ለጎን አነበቡ፤ የታመሙትን ከጤነኞቹ ጋር እያስተያዩ። በታመሙት ዘንድ በዝተው የሚገኙ ትንንሽ ልዩነቶች አሉ፤ ምልክት እንላቸዋለን። ደም በሚረጋባቸውና ኩላሊታቸው በሚደክም ሰዎች ላይ የጋራ የሆኑ ምልክቶች ያሉ ይመስላል።»

«ይመስላል ነው የምትይው?»

«አዎ አባ፤ ገና እየተጠና ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ ለመርጋት እንደሚቀርብ ሐኪሞች ከቀድሞም ያውቃሉ። ከሥሩ ምን ያህሉ በዘር እንደሆነ ግን ያላወቅነውን አወቅን አንልም። ምልክት ያለበት ሁሉም አይታመምም። ጨው አለ፣ ግፊት አለ፣ ስኳር አለ። እርግዝናና ኦፕራሲዮን፣ ብዙ መተኛትም ይጨመርበታል።»

መሪጌታ ይህን «አላውቅም» ወደዱት። ብዙ አስተማሪ አይተዋል፤ የማያውቀውን አላውቅም የሚል ግን ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ነው የዜማ መምህርነታቸው የነቃው። በዜማ መጽሐፋችን ከፊደሉ በላይ ትንንሽ ምልክት አለ አሏት። ምልክቱ ራሱ ዜማ አይደለም፤ የት ላይ ድምፅ እንደሚነሳ፣ የት እንደሚወድቅ ይጠቁማል። አንድ ጸሐፊ ሲገለብጥ አንዷን ቢያዛባት፣ ከእሱ የገለበጠ ሁሉ ያዛባታል። ያቺ ምልክት የጠዋቱንም የማታውንም ዜማ የምትመራ እንደሆነች ደግሞ አንዷ ስህተት ሁለቱንም ታበላሻለች።

የኔአለም ቀና ብላ አየቻቸው። እኔ ሦስት ወር ፈልጌ ያጣሁትን ምሳሌ በአንድ ትንፋሽ ሰጡኝ አለች።

«ታዲያ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲገኝ ምን ታደርጋላችሁ አባ? ታቃጥሉታላችሁ?»

«ስለምን ይቃጠላል። ስህተቱ ያለበትን ያወቀ መሪ እዚያ ሲደርስ ይጠነቀቃል፤ ደቀ መዝሙሮቹንም ያስጠነቅቃል።»

አሉና አፋቸውን ያዙ። በራሳቸው አንደበት ተረቱ። የኔአለም ብልህ ናት፤ አላጨበጨበችም፣ ይኸው አላለችም። ውጭውን ማየት ጀመረች።

ጉሙ አልተንቀሳቀሰም። በመኪናው ውስጥ የሚሰማው የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ብቻ ነበር። መሪጌታ፣ የማን ልጅ ነሽ ብለው የጠየቁት ያን ጊዜ ነው፤ ቀደም ብለው መጠየቅ የነበረባቸውን። የፈንታ እንዳላማው አለች። እንዳላማውስ የማን? ከዚያ በላይ አላውቅም፣ ወረቀቴም እዚያ ላይ ያቆማል አለች። እውነትም የወረቀቱ አናት ባዶ ነበር።

መሪጌታ ዓይናቸውን ከደኑ። እንዳላማው መጣላቸው፤ ረጅም፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው። እንዳላማው የተዋበች ልጅ ነው። ተዋበች ከጉሙ ውስጥ ቀስ ብላ ወጣች፤ ከኋላዋ እናቷ ወለተ ሐዋርያት ቆመዋል፤ አሮጊት ሳይሆኑ ወጣት ሆነው። በቀኝ እጃቸው ተዋበችን ይዘዋል። በግራ እጃቸው ደግሞ አንድ ወንድ ልጅ ይዘዋል። መሪጌታ ልጁን አወቁት፤ ካሴ ነው። ካሴ ሙላትን ወለደ። ሙላትም ገዳሙን ወለደ።

«ወለተ ሐዋርያት» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ከራሳችን ሲቆጠር ላንቺ አምስተኛሽ ናቸው። ለእኔ አራተኛዬ። ልጄ፣ አንቺ የእኔ ወገን ነሽ።»

የኔአለም ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋች፤ መሪጌታ ስሞቹን እየነገሯት ተዋበችን ጻፈች፣ ወለተ ሐዋርያትን ጻፈች፣ በሌላው ወገን ካሴን፣ ሙላትን፣ ገዳሙን ጻፈች። ሁሉም ባዶ ማዕዘንና ባዶ ክብ ናቸው። እርሳሶቿን ያዘችና ጠበቀች። መሪጌታ ወረቀቱን አዩ፤ መስኮቱን አዩ። ሙታኑ አልሄዱም፤ በጉሙ ውስጥ ቆመው የሚያዳምጡ መሰላቸው፤ አርባ ዓመት ስማቸውን ብቻ ተቀብለው ያሳለፏቸው ሁሉ።

«አያቴ ካሴ እግሩ አብጦ ነው የሞተው» አሉ። «አባቴ ሙላት ፊቱ እያበጠ፣ ሽንቱ እያጠረ። ወንድሙም እንደዚያው። እህቴ ወለተ ኪዳን አራስ ሆና ባቷ ከበዳት፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትንፋሿ ተቆርጦ ሞተች። መጋኛ ነው አልን። እኔም መጋኛ ነው አልኩ።»

የኔአለም ቀዩንና ጥቁሩን እየቀያየረች ቀባች። ቀለሞቹ ከሁለቱም ወገን ወደ ታች ወረዱ። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ በአጋጣሚም ሊሆን ይችላል ብላ አስጠነቀቀቻቸው፤ ለመጠየቅና ለመመርመር ግን ከበቂ በላይ ነው። መሪጌታ ግን ማስጠንቀቂያዋን አልሰሙም። ልባቸው ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር።

«ልጄ ማንጠግቦሽ ከወለደች ስድስት ቀኗ ነው፤ በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። ዛሬ ከሆስፒታል ትወጣለች። ግራ ባቷ ከብዷታል። ሐኪሙ የዘራችንን ነገር ሲጠይቀኝ የለም ብዬዋለሁ።»

እርሳሱ ከልጅቱ እጅ ወደቀ። አሁኑኑ ይደውሉ አባቴ አለች። እግሯን እንዳያሿት፣ እንዳትወጣ፣ ለሐኪሙ ይነገር። ደሙ እግሯ ላይ ረግቶ እንደሆነ ተቆርጦ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን መድኃኒት አለው። መድኃኒት አለው የምትለዋን ሁለት ጊዜ ደገመቻት።

መሪጌታ የአንተነህን ቁጥር መቱ። ያነሳው አንተነህ አልነበረም። አንተነህ ባጃጅ ሊጠራ ወጥቷል፤ ስልኩን ያነሱት ወይዘሮ የብርጓል ናቸው። መሪጌታ በምድር ላይ ይህን ነገር እንዳይሰሙት የሚፈሯቸው አንድ ሰው ቢኖሩ እኚህ ሴት ናቸው። የሴትዮዋ አንደበት ዛሬ የሰማውን ነገ ገበያ ያደርሰዋል። ማንጠግቦሽን ወደ አባቷ ቤት ቢመልሷትስ? ታናሿ ጤናዬስ ለመጪው ጥር ታጭታ የለም? ሁሉም በአንድ አፍታ መጣባቸው። ከሁሉ በኋላ ግን የእህታቸው ደረቷን መያዝ መጣ።

«ወይዘሮ የብርጓል» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የተኙት ሰዎች ነቁ። «ስሙኝ። ልጄ እንዳትወጣ። ባቷ መክበዱን ለሐኪሙ ይንገሩት። በእኛ ዘር ደም እግር ላይ የሚረጋበት አለ፤ ኩላሊት የሚታመምም አለ። እህቴ እንዲሁ አራስ ሆና ነው የሞተችው። ለሐኪሙ የለም ያልኩት ውሸቴን ነው። እርስዎ ቆመው ስለነበር አፍሬ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። መሪጌታ ስልኩን እንደያዙ ቀሩ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ ያያቸዋል፤ የአምበር ሰዎችም አሉበት። ተዋረድኩ አሉ በልባቸው፤ እንባቸውም መጣ፤ ማንም ቢያየው ግድ አላላቸውም። ሾፌሩ ምንም ሳይል መብራቱን አበራና በእግር ከሚሄድ ሰው ቀስ ብሎ መንዳት ጀመረ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ወርዶ መንገዱን እያየ መኪናውን መራ፤ ጉሙ እስኪሳሳ ድረስ እንዲሁ ሄዱ።

ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ የኔአለም አብራቸው ወረደች። በሆስፒታሉ በር ላይ አንተነህ የጠራት ባጃጅ ባዶዋን ቆማለች። ክፍሉ ሲገቡ የማንጠግቦሽ አልጋ ባዶ ነው፤ አንሶላው ተገፎ ወደ ግርጌው ተሰብስቧል። መሪጌታ ልጄስ ብለው ጮኹ። ነርሷ ናት በጣቷ የአልትራሳውንዱን ክፍል ያሳየቻቸው፤ እዚያ ናት፣ እየታየች ነው አለች።

ከክፍሉ ውጭ ወይዘሮ የብርጓል አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሕፃኑን አቅፈዋል። ነጠላቸው መሬት ይጎተታል። ስልኩን የዘጉት ለመሮጥ ነበር፤ ሐኪሙን ሌላ በሽተኛ ሲያይ አግኝተው ክንዱን ይዘው አምጥተውታል። መሪጌታ ይቅርታ ሊጠይቁ ጎንበስ ሲሉ ሴትዮዋ በእጃቸው ከለከሏቸው።

«ተዉ መሪጌታ» አሉ። «የእናቴ ወንድም ኩላሊቱን ታሞ ነው የሞተው። አንተነህ አያውቅም። እኔም እርስዎ እንዳይሰሙ ነው የደበቅሁት።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። መሪጌታ ወይዘሮ የብርጓልን ፈርተው፣ ወይዘሮ የብርጓልም መሪጌታን ፈርተው፣ በመሐል አንዲት ልጅ ልትሞት ነበር። መሪጌታ ከአግዳሚው ላይ ከጎናቸው ተቀመጡ። ሁለቱም ሕፃኑን ያዩ ጀመር።

ሐኪሙ ሲወጣ ደሙ በግራ ጭኗ የደም ሥር ውስጥ ረግቶ ማግኘቱን ነገራቸው። ሳንባዋ አልደረሰም። ደም የሚያቀጥን መርፌ ተጀምሮላታል፤ ማጥባቷን አይከለክልም። በባጃጅ ተንገላታ ሄዳ አርባ ቀን ብትተኛ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር አለና ከዚያ በላይ አልገፋበትም። ሕክምናው ከያዛት በኋላ ደግሞ ቀስ እያለች መራመድ አለባት እንጂ ተኝታ መዋል የለባትም አላቸው። አርባ ቀን መሬት አትረግጥም ሲሉ የነበሩት ወይዘሮ የብርጓል በሦስተኛው ቀን ምራታቸውን በክንዷ ይዘው በኮሪደሩ ሲያመላልሷት ታዩ።

ማንጠግቦሽ ግን አባቷን በቀላሉ አልማረቻቸውም። የኔአለም ወረቀቱን ስታሳያት አክስቷ ወለተ ኪዳን ላይ ያለውን ቀይ ክብ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አባባ፣ ለእኔ አክስቴን የገደላት መጋኛ ነው ብለውኛል» አለች። «እግሬ ሲከብደኝ መናገር እንዳለብኝ በምን ልወቅ?»

ስንት ጊዜ የሰው ልጅ ለሠርግ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው፣ ለገዛ ልጃቸው አንድ ቃል ነፍገዋል። ይቅር በይኝ አሏት። እሷም ፊቷን አዙራ አለቀሰች፤ ቆይታም እጃቸውን ያዘች። የዚያኑ ዕለት እሳቸውም ደማቸውንና ሽንታቸውን ሰጡ። ግፊታቸው ከፍ ብሏል፣ ኩላሊታቸውም መድከም ጀምሯል፤ ግን ገና ነው። ጨው ይቀንሱ ተባሉ፣ በቀን አንድ ክኒን ተሰጣቸው፣ በየሦስት ወሩ ይምጡ ተባሉ። አባታቸው ሙላት ይህን የሚነግረው አላገኘም ነበር።

የተፈራውስ ደረሰ? ወሬው እውነትም ከሚኒባሱ ቀድሞ አምበር ገባ። የጤናዬ እጮኛ ቤተሰቦች ለሁለት ሳምንት ጠፉ። መሪጌታ እንቅልፍ አጡ። ከዚያ የእጮኛዋ አባት አንድ ጠዋት ብቻውን መጣና በር ላይ ቆሞ፣ መሪጌታ፣ ያቺ ሽንት የምትመረምር ልጅ የት ነው የምትገኘው፣ እኔም ጠዋት ጠዋት ዓይኔ ያብጣል አለ። ጋብቻው አልፈረሰም።

በጥር፣ ሌሎች ሁለት ወገኖች ለቆጠራ መጡ። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ተቀመጠ። መሪጌታ ሰባቱን ቤት ቆጠሩና በደም አትገናኙም፣ ተጋቡ አሉ። ሰዎቹ ሊነሡ ሲሉ መቋሚያቸውን አነሡና ቁጭ በሉ፣ ሙታኖቻችሁ በምን እንደሞቱም ንገሩኝ አሏቸው። ጋብቻ ለመከልከል አይደለም፤ ልጆቻችሁ ምን እንደሚጠብቃቸው እንዲያውቁ ነው፣ የሚያውቅ ሰው በጊዜ ይመረመራል፣ ነፍሰ ጡሯ ለሐኪሟ ትናገራለች፣ እግሯ ሲከብዳት መጋኛ አትልም አሉ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲያ ከሆነ የእኔን ላስቀድም ብለው ከካሴ ጀመሩ። አባታቸውን ተናገሩ፣ እህታቸውን ተናገሩ፣ ራሳቸውን ተናገሩ።

እሳቸው ሲጨርሱ ከግራ በኩል አንዲት ሽማግሌ ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። ወንድሜ አለች፤ ከዚያ ቆም ብላ ስሙን ጠራች። ከቀኝ በኩል አንዱ ቀጠለ። ድሮ በአንድ ሰዓት የሚያልቀው ቆጠራ ያን ዕለት ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ፈጀ፤ ማንም ግን ልሂድ አላለም።